በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ብርዳማ ማለዳዎች ተሽከርካሪ አልነሳ ሲል፦ መንስኤውን ስለ መለየትና አደጋን ስለ መከላከል

የክረምቱ ዝናብ ካበቃ በኋላ፣ በተለይም ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት፣ በደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ወረዳዎች ሌሊቱ እጅግ ይቀዘቅዛል። ሰማዩ ከደመና የጠራ በመሆኑ መሬት በቀን የያዘችው ሙቀት ሌሊቱን በፍጥነት ያመልጣል፤ ሲነጋም ሣሩና የተሽከርካሪው መስታወት ውርጭ ለብሶ ይገኛል። በዚህ ወቅት የብዙ አሽከርካሪዎች የማለዳ ችግር አንድ ነው፤ ማታ በሰላም የቆመው ተሽከርካሪ ጠዋት አልነሳ ይላል።

ችግሩ ቀላል መስሎ ቢታይም የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። ወላድን ወደ ደብረ ታቦር ለማድረስ የተጠራ አምቡላንስ፣ ከንጋት በፊት ከመናኸሪያ መውጣት ያለበት የሕዝብ ማመላለሻ፣ ድንችና ገብስ ጭኖ ለገበያ የሚጣደፍ የጭነት ተሽከርካሪ፣ ሁሉም በዚያች ሰዓት በአንድ ሞተር ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ከመዘግየቱ የሚከፋው ደግሞ በችኮላ የሚወሰደው እርምጃ ነው። ሞተርን በእሳት ለማሞቅ መሞከር፣ ያልተነሳ ተሽከርካሪን ቁልቁለት ላይ መልቀቅ፣ የባትሪ ገመድን ያለ ቅደም ተከተል ማገናኘት ሕይወትና ንብረት የሚያሳጡ ተግባራት ናቸው።

የዚህ ማብራሪያ ዋና መልእክትም ይኸው ነው፦ በብርድ አልነሳ ያለ ሞተር የችግሩን መንስኤ ብዙውን ጊዜ በድምፁና በጭሱ ይናገራል፤ አሽከርካሪው ለጥቂት ደቂቃዎች ታግሦ ቢያዳምጠውና ቢመለከተው፣ አደገኛ ወደሆነ አቋራጭ መንገድ መሄድ አያስፈልገውም።

ቅዝቃዜና ከፍታ ሞተርን የሚፈትኑት እንዴት ነው?

የላይ ጋይንት ወረዳ ከተማ ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በአካባቢው ጎልቶ የሚታየው የጉና ተራራ ደግሞ ከፍታው ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በአማካይ 1,000 ሜትር ከፍ በተባለ ቁጥር የአየሩ ሙቀት ወደ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ተኩል ያህል ይቀንሳል። በዚህም ምክንያት በስማዳ ወይም በታች ጋይንት ቆላማ ቀበሌዎች፣ ወደ በሽሎ ሸለቆ በሚወርደው አቅጣጫ፣ ያለ ችግር ይነሳ የነበረ ተሽከርካሪ ደጋው ላይ ሲያድር ምንም አዲስ ብልሽት ሳይደርስበት ሊያስቸግር ይችላል። ለዚህ ሦስት ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው ባትሪ ነው። ባትሪ ኃይል የሚሰጠው በውስጡ በሚካሄድ ኬሚካዊ ለውጥ አማካይነት ሲሆን፣ ይህ ለውጥ በብርድ ይዘገያል። ሙሉ በሙሉ የተሞላ ባትሪ እንኳ በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚሰጠው የማስነሻ ኃይል በሞቃት አየር ከሚሰጠው ወደ ሁለት ሦስተኛ ይጠጋል። ያረጀ ወይም ግማሽ የተሞላ ባትሪ ከዚህም ያነሰ ይሰጣል።

ሁለተኛው የሞተር ዘይት ነው። ዘይት ሲቀዘቅዝ እንደ ማር ይወፍራል፤ ስለዚህ ሞተሩን ለማዞር የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ባትሪው በተዳከመበት ሰዓት ሸክሙ ይጨምራል ማለት ነው።

ሦስተኛው አየሩ ራሱ ነው። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ ፍንጣሪ አይነሳም፤ አየርን በኃይል ጨምቆ በማጋል ናፍጣው በዚያ ሙቀት እንዲቀጣጠል ያደርጋል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አየሩ የሳሳና የቀዘቀዘ በመሆኑ፣ ተጨምቆም እንኳ በቂ ሙቀት ላይ ለመድረስ ይቸገራል። በዚህ የተነሳ የናፍጣ ተሽከርካሪዎች በደጋው ማለዳ ይበልጥ ይፈተናሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ መደረግ ያለበት

ቁልፉን ከማዞር በፊት የእጅ ፍሬን መያዙን፣ ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑንና ጎማው ላይ ታኮ መደረጉን ማረጋገጥ ይገባል። መብራት፣ ሬዲዮና የአየር ማራገቢያ ይጥፉ፤ ያለችው ኃይል በሙሉ ለማስነሻ ትዋል። በእጅ ማርሽ በሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ መርገጥ ሞተሩ የቀዘቀዘውን የማርሽ ሳጥን ዘይት አብሮ እንዳያዞር ስለሚያደርግ ሸክሙን ያቀልላል።

ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ ማሠራት አይገባም። በሙከራዎች መካከል ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ፣ ቢቻል አንድ ደቂቃ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ይህ ሞተሪኖው በሙቀት እንዳይቃጠል ይጠብቃል፤ ባትሪውም ጥቂት እንዲያገግም ጊዜ ይሰጠዋል። ከሦስት ሙከራ በኋላ ካልተነሳ፣ አራተኛውን መሞከር ባትሪ ከመጨረስ ያለፈ ጥቅም የለውም። በዚህ ጊዜ መንስኤውን ወደ መፈለግ መሸጋገር ይገባል።

ድምፁ ምን ይላል?

1. ቁልፉ ሲዞር ምንም ድምፅ ካልተሰማና የዳሽቦርዱ መብራትም ካልበራ፣ ችግሩ ከባትሪው ወይም ከገመዶቹ ነው። የባትሪ ገመዶች ማሰሪያ ላልቶ ወይም ነጭና አረንጓዴ ዝገት ሸፍኖት እንደሆነ ማየት ይገባል። በዚህ ወቅት ከሚያጋጥሙት ችግሮች ውስጥ ብዙዎቹ በዚህች ትንሽ ቦታ የሚፈቱ ናቸው።

2. ፈጣንና ተከታታይ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ባትሪው ኃይል አለው፤ ነገር ግን ሞተሪኖውን ለማዞር አይበቃም። መፍትሔው ባትሪውን ቻርጅ ማድረግ ወይም ከሌላ ተሽከርካሪ ባትሪ ኃይል መውሰድ ነው።

3. አንድ ጊዜ ብቻ «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለና የፊት መብራቱ ደምቆ የሚበራ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው ወይም ወደ እርሱ ወደሚሄደው ገመድ ይሄዳል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

4. ሞተሩ እየጎተተ በዝግታ የሚዞር ከሆነ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም ዘይቱ ለቅዝቃዜው ከሚገባው በላይ ወፍራም ነው። ሁለቱም በአንድነት ሊሆኑ ይችላሉ።

5. ሞተሩ በሚገባ እየዞረ ግን የማይቀጣጠል ከሆነ፣ ባትሪውንና ሞተሪኖውን መተው ይቻላል። ችግሩ ያለው በነዳጁ ወይም በማቀጣጠያው በኩል ነው።

6. ተነስቶ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ነዳጁ ውስጥ ውሃ ወይም አየር ገብቷል፤ ወይም ፊልትሮው ተዘግቷል።

ባትሪን መፈተሽና በሌላ ተሽከርካሪ ማስነሳት

የገመድ ማሰሪያዎችን ለማጽዳት በመጀመሪያ የኔጋቲቭ (−) ገመድ ይፈታል፤ ሲመለስ ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚታሰረው እርሱው ነው። ዝገቱን ለብ ባለ ውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ አጥቦ፣ አድርቆና አጥብቆ ማሰር ይቻላል።

የቮልት መለኪያ ያለው አሽከርካሪ ሞተሩ ሌሊቱን ከቆመ በኋላ ባትሪውን ሲለካ፣ 12.6 ቮልት ገደማ ቢያገኝ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.2 ቮልት ግማሽ ያህል መቅረቱን፣ 12 ቮልትና ከዚያ በታች ደግሞ ለደጋው ማለዳ የማይበቃ መሆኑን ያመለክታል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ልኬቱ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት አካባቢ ካልደረሰ ባትሪውን መለወጥ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ አይደለም።

ከሌላ ተሽከርካሪ ኃይል ከመውሰድ በፊት የሁለቱ ቮልት እኩል መሆኑን ማረጋገጥ የግድ ነው። ቤት መኪኖችና አብዛኞቹ አነስተኛ ተሽከርካሪዎች በ12 ቮልት ሲሠሩ፣ ብዙዎቹ የጭነት ተሽከርካሪዎችና አውቶቡሶች ሁለት ባትሪዎችን አቆራኝተው በ24 ቮልት ይሠራሉ። ባለ 24 ቮልት የጭነት ተሽከርካሪን ከባለ 12 ቮልት መኪና ጋር ማገናኘት የኤሌክትሪክ ክፍሎችን ያቃጥላል፤ ባትሪም ሊያፈነዳ ይችላል።

ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው። ሁለቱም ሞተሮች ጠፍተው፣ ተሽከርካሪዎቹ ሳይነካኩ ይቆማሉ። ቀዩ ገመድ በመጀመሪያ በደከመው ባትሪ ፖዘቲቭ (+)፣ ቀጥሎ በደኅናው ባትሪ ፖዘቲቭ ይታሰራል። ጥቁሩ ገመድ በመጀመሪያ በደኅናው ባትሪ ኔጋቲቭ ይታሰራል፤ ሌላው ጫፉ ግን በደከመው ባትሪ ላይ ሳይሆን፣ ከባትሪው ራቅ ባለ ቀለም ያልተቀባ የሞተር ብረት ላይ ይያዛል። ባትሪ የሚያወጣው ጋዝ በቀላሉ የሚቀጣጠል በመሆኑ የመጨረሻዋ ፍንጣሪ ከባትሪው መራቅ አለባት። ከዚያ ረዳቱ ተሽከርካሪ ተነስቶ ለጥቂት ደቂቃዎች ከሠራ በኋላ የደከመው ይሞከራል። ሲነሳ ገመዶቹ በገቡበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል ይወጣሉ።

በዚህ ሥራ ላይ ሲጋራ ማጨስ፣ ክብሪት ጭሮ ወይም ሻማ ይዞ የባትሪ ውሃ መመልከት የተከለከለ ሊሆን ይገባል። የባትሪ አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ማጠብና በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ሞተሩ እየዞረ ካልተቀጣጠለ

በናፍጣ ሞተር ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ካንዴሌታ ነው። ካንዴሌታ በቀዝቃዛ ሰዓት የሞተሩን ውስጥ አስቀድሞ የሚያሞቅ ክፍል ነው። ቁልፉ ወደ መጀመሪያው ደረጃ ሲዞር በዳሽቦርዱ ላይ የተጠቀለለ ሽቦ የሚመስል ምልክት ይበራል፤ ይህ ምልክት እስኪጠፋ ሳይጠብቁ ማስነሳት በደጋው ላይ ከሚታዩ የተለመዱ ስሕተቶች አንዱ ነው። ብርዱ ሲበረታ ቁልፉን መልሶ ምልክቱን ሁለት ጊዜ ማስጠበቅ ይረዳል።

ሞተሩ ሲዞር የጭስ መውጫውን የሚመለከት ሰው ማቆምም ይጠቅማል። ነጭ ጭስ እየወጣ ካልተነሳ፣ ናፍጣው እየደረሰ ነው፤ ነገር ግን ሙቀት አንሶት አልተቀጣጠለም። ካንዴሌታው መፈተሽ አለበት፤ ሞተሩ ያረጀ ከሆነም የመጭመቅ አቅሙ መለካት አለበት። ጭስ ጨርሶ ካልወጣ ናፍጣው ሞተሩ ውስጥ አልደረሰም ማለት ነው፤ ፊልትሮውን፣ የነዳጅ መስመሩንና በመስመሩ ውስጥ የገባውን አየር መፈተሽ ይገባል።

ውሃ ሌላው ዐቢይ መንስኤ ነው። ግማሽ ባዶ ሆኖ ያደረ የነዳጅ ታንክ በውስጡ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ በታንኩ ግድግዳ ላይ ጠል ሆኖ ይንጠባጠባል። ከማደያ ውጭ በጀሪካን የሚገዛ ነዳጅም ውሃና ቆሻሻ ሊኖረው ይችላል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ በፊልትሮው ሥር ይጠራቀማል፤ ብዙ ፊልትሮዎች ከታች ውሃውን ማፍሰሻ ብሎን አላቸው። ይህን በየሳምንቱ ከፍቶ ማፍሰስ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ጥንቃቄ ነው።

በቤንዚን ተሽከርካሪ ላይ ነዳጅ በዝቶ ካንዴላው ረጥቦ ሊሆን ይችላል። የቤንዚን ሽታ ከተሰማ ለጥቂት ደቂቃዎች ማቆየት፣ ካንዴላዎቹን አውጥቶ ማድረቅና ማጽዳት ይረዳል። ይህ በባለ ሦስት እግር ባጃጅ ላይም ይሠራል።

ፈጽሞ መደረግ የሌለባቸው ተግባራት

በሞተር ወይም በነዳጅ ታንክ ሥር እሳት ማንደድ። በሞተሩ ዙሪያ ዘይት፣ የነዳጅ ቱቦና የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ። ነፋሻማ በሆነ ቦታ አንዲት ነበልባል ተሽከርካሪውን በሙሉ፣ አጠገቡ ያለውንም ቤት ልታቃጥል ትችላለች። ሞተርን ማሞቅ ካስፈለገ በሙቅ ውሃ የተነከረና የተጨመቀ ጨርቅ የናፍጣ ፊልትሮውንና የአየር ማስገቢያውን ቱቦ ከውጭ ለማሞቅ ይበቃል። ውሃው በኤሌክትሪክ ክፍሎች ላይ እንዳይፈስ ጥንቃቄ ይደረግ።

ያልተነሳ ተሽከርካሪን በቁልቁለት ማንከባለል። ይህ በጋይንትና በስማዳ ጠመዝማዛ መንገዶች ላይ ከሁሉ የሚያሰጋው ተግባር ነው። ሞተሩ ሳይሠራ የፍሬን አጋዥ ኃይል ከጥቂት ርግጫ በኋላ ያልቃል፤ በአየር ግፊት የሚሠራ ፍሬን ያለው ተሽከርካሪ ደግሞ ሌሊቱን ግፊቱ ወርዶ ሊያድር ይችላል። መሪውም እጅግ ይከብዳል። ሞተሩ ታች እስኪደርስ ካልተነሳ ተሽከርካሪውን የሚያቆመው ገደሉ ነው። ገፍቶ ማስነሳት የግድ ከሆነ በሜዳማ ቦታ፣ ያለ ጭነትና ያለ ተሳፋሪ፣ ልጆችን አርቆ መሆን አለበት። አውቶማቲክ ማርሽ ያላቸው ተሽከርካሪዎች በመግፋት አይነሱም።

በአየር ማስገቢያ በኩል ቤንዚን ወይም ኤተር መርጨት። ካንዴሌታ ባለው የናፍጣ ሞተር ውስጥ ይህ ከጊዜው ቀድሞ ፈንድቶ የሞተሩን ክፍሎች ይሰብራል፤ የሚረጨውንም ሰው ያቃጥላል። ናፍጣ ላይ ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ መቀላቀልም ነዳጁ የመርጫ ፖምፓውን እንዲያለሰልስ የሚያደርገውን ቅባት በመቀነስ ውድ የሆነውን ክፍል ያበላሻል።

በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ማሠራት ወይም በጋቢና ውስጥ ከሰል አንድዶ ማደር። ከጭስ መውጫውም ሆነ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው። በጭነት ተሽከርካሪ ውስጥ የሚያድሩ አሽከርካሪዎችና ረዳቶች ብርዱን በብርድ ልብስና በወፍራም ልብስ ይከላከሉ፤ የከሰል ማንደጃ ወደ ጋቢና አይግባ። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር መውጣትና ሕክምና ማግኘት አለበት።

ማታ የሚደረግ ዝግጅት የጠዋቱን ሥራ ያቀልላል

ተሽከርካሪውን በሜዳማ ቦታ፣ ከነፋስ በተጠለለና የጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው ሥፍራ ማቆም፤ ታንኩን ሞልቶ ማሳደር፤ መብራቶች መጥፋታቸውን መመልከት፤ አጫጭር ጉዞዎች ባትሪውን እንደማይሞሉት በማሰብ በሳምንት አንድ ጊዜ ረዘም ያለ ጉዞ ማድረግ ይመከራል።

በመስከረም መጨረሻ፣ ብርዱ ከመግባቱ በፊት፣ ሦስት ነገሮችን ማስፈተሽ ተገቢ ነው። የመጀመሪያው የባትሪው ጥንካሬ ነው። ሁለተኛው ዘይቱ ነው፤ በጣሳው ላይ «ደብሊው» ከሚለው የላቲን ፊደል በፊት ያለው ቁጥር ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ይበልጥ ይፈስሳል። ለምሳሌ 15 ደብሊው 40 የተባለው ዘይት፣ 40 ብቻ ከሚለው ይልቅ ለደጋው ማለዳ ይስማማል። የአምራቹ መመሪያ የሚፈቅደውን ዓይነት ብቻ መጠቀም ግን ያስፈልጋል። ሦስተኛው የራዲያተሩ ፈሳሽ ነው፤ ንጹሕ ውሃ ብቻ የያዘ ራዲያተር በጉና አካባቢ ከዜሮ በታች በሚወርድ ሌሊት በረዶ ሊሠራና ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ ኩላንት በአምራቹ መጠን መጨመር አለበት።

ከመንግሥት ተቋማት ጋር በተያያዘ

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። ምርመራውን ያለፈ ተሽከርካሪም ቢሆን በዓመቱ ውስጥ የባትሪ፣ የዘይትና የፊልትሮ ክትትል የባለንብረቱ ኃላፊነት ነው። ተሳፋሪዎች በመናኸሪያ ውስጥ ያልተነሳ ተሽከርካሪ ሰው እንደተሳፈረበት በቁልቁለት ሊለቀቅ ሲል ካዩ፣ ከመሳፈር የመከልከልና ወርዶ የመቆየት ውሳኔ ሊወስኑ፣ ለመናኸሪያው ኃላፊዎች ወይም በአቅራቢያው ላለ የትራፊክ ፖሊስ አባል ሊያሳውቁ ይገባል። የአምቡላንስ ኃላፊነት ያለባቸው ተቋማትም በእነዚህ ወራት ተሽከርካሪውን ጥሪ እስኪመጣ ሳይጠብቁ ሁልጊዜ ማታና ማለዳ አስነስቶ የመፈተሽን ልማድ ሊያዳብሩ ይገባል።

በመንገድ ላይ ተሽከርካሪው ከቆመ ደግሞ በተቻለ መጠን ከመንገዱ ጠርዝ ማውጣት፣ ታኮ ማድረግ፣ የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን ከኋላና ከፊት በበቂ ርቀት ማስቀመጥና ተሳፋሪዎችን ከመንገዱ ውጭ ማቆየት ያስፈልጋል። በማለዳ ጭጋግ ውስጥ ዛፍና ድንጋይ ብቻ ለምልክት መጠቀም በቂ አይደለም፤ ተሽከርካሪው ከተነሳ በኋላም ድንጋዩን ከመንገድ ሳያነሱ መሄድ ለተከታዩ አሽከርካሪ አደጋ ትቶ መሄድ ነው።